ጽዋ የተቀበለ ተረኛ ነው

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሁለቱ የተጻፉት ከሰሜን ሸዋ ነው። አንደኛው ከተጉለት፣ ሁለተኛው ከደብረ ብርሃን ከተማ የተላከ ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹ ባይተዋወቁም የሁለቱም ጥያቄ የሚያርፈው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ እርሱም በክርስትና ታላቅ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ስማቸውንና አጥቢያቸውን እንዳንገልጽ ስለ ጠየቁን ቃላቸውን ጠብቀናል፤ የመጀመሪያውንም ደብዳቤ ጥቂት አሳጥረነዋል።

ጥያቄ፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን እያልሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ነዋሪነቴ በተጉለት ነው፤ ዕድሜዬ 54 ዓመት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 19ኙን በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን አገልግያለሁ። ካህን አይደለሁም፤ ድምፅም ስለሌለኝ ከመዘምራን አልተቈጠርሁም። የእኔ ሥራ ለንግሥ ቀን ውኃ በአህያ ማመላለስ፣ ድንኳን መትከልና መንቀል፣ ከሰንበቴ በኋላ ዕቃ ማጠብ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ ቅጽሩ እንዳይገባ ቦይ መቅደድ ነበር። አዲሱ ሕንፃ ሲሠራም ከልጆቼ ጋር ድንጋይ ተሸክሜአለሁ። ሕንፃው አልቆ ቅዳሴ ቤቱ በተከበረበት ቀን ግን ከከተማ የመጡና ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ከፊት ተቀምጠው፣ ስማቸው በድምፅ ማጉያ እየተጠራ የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ፣ የእኔም ሆነ ከእኔ ጋር የደከሙት ሰዎች ስም አልተነሣም። ጉልበቴ ዝሎ በአንድ ባዶ ወንበር ላይ አረፍ ብል፣ ከአስተናባሪዎቹ አንዱ ‹ይህ የእንግዳ ቦታ ነው› ብሎ አስነሣኝ። ያን ዕለት ሰባኪው ያስተማረው ‹ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን› የሚለውን የጌታ ቃል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለማስቀደስ ብቻ ነው፤ ውኃ መቅዳቱን ትቻለሁ። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ድካሜ በመረሳቱ ማዘኔ ኃጢአት ነውን? ትሕትና ማለት ዝም ማለት ነውን? ይህስ ቃል የተነገረው ለእኛ ለድሆቹ ብቻ ነውን?»

መልስ፦

ውድ ወንድማችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በመጨረሻ ያነሡትን ጥያቄ በመጀመሪያ እመልሰዋለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ የቆሙት በእርሱ ላይ ነውና። ልብዎንም ከወንበሩ ይልቅ ያቈሰለው እርሱ ይመስለኛል። ያ ቃል ለድሆች ብቻ አልተነገረም። የተነገረበትን ሰዓትና አፍ ለአፍ የሰሙትን ሰዎች ስንመለከት፣ አስቀድሞ የተነገረው የፊት ወንበር ለፈለጉ ሰዎች ነው።

ታሪኩ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ይገኛል። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም እየወጣ ሳለ፣ ተላልፎ እንደሚሰጥ፣ እንደሚገረፍ፣ እንደሚገደልና በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣ ለዐሥራ ሁለቱ ነገራቸው፤ ይህን ሲነግራቸው ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ከዚህ ንግግር ቀጥሎ የምናነበው የደቀ መዛሙርቱን ልቅሶ ወይም ድንጋጤ አይደለም። የዘብዴዎስ ልጆች ያዕቆብና ዮሐንስ ቀርበው፣ በክብሩ አንዳቸው በቀኙ አንዳቸው በግራው ይቀመጡ ዘንድ ለመኑት። ማቴዎስ ልመናውን ያቀረበችው እናታቸው እንደ ነበረች ይጽፋል፤ ለልጆቿ ሹመት ደጅ የጠናች እናት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለችም። አባታቸው ዘብዴዎስ ደግሞ በታንኳው ላይ ሞያተኞች ያሠራ የነበረ ሰው እንደ ሆነ የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 1 ይናገራል። እንግዲህ ልጆቹ ሌላው ሲታዘዝ እያዩ ያደጉ እንጂ ከሰው ሁሉ በታች የነበሩ አይደሉም። ጌታም «የምትለምኑትን አታውቁም፤ እኔ የምጠጣውን ጽዋ ልትጠጡ ትችላላችሁን?» ብሎ ጠየቃቸው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ከማንም ቀድሞ ሊገባው የሚችል ነገር አለ። በሸዋ ገጠር በአንድ ቅዱስ ስም የጽዋ ማኅበር የሌለው ጎልማሳ ጥቂት ነው። ተረኛው ደግሶ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ከባረኩ፣ ማኅበርተኛውም በልቶና ጠጥቶ ካበቃ በኋላ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። የተቀበለው ሰው ይመረቃል፤ እልል ይባልለታል፤ ነገር ግን ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ምርቃት ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። የሚመጣው ወር ጠላና ዳቦ፣ ንፍሮና ወጥ፣ የእንግዳው መቀመጫ፣ የሚስቱና የልጆቹ የሌሊት ድካም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእርሱ ላይ ነው። ጽዋ የተቀበለ ተረኛ ነው። ክብሩንና ድግሱን ለይቶ፣ ክብሩን ለእኔ ድግሱን ለጎረቤቴ የሚል ማኅበርተኛ በየትኛውም መንደር አይታወቅም። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ጌታ አላሳፈራቸውም፤ ጽዋውን በእርግጥ እንደሚጠጡ ነገራቸው፤ እንዳለውም ሆነ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 እንደ ተጻፈው ያዕቆብን ሄሮድስ በሰይፍ አስገደለው፤ ዮሐንስም ስለ እግዚአብሔር ቃል በፍጥሞ ደሴት ስደተኛ ሆነ። በጌታ ቀኝና ግራ የተገኙት ደግሞ፣ ማርቆስ በምዕራፍ 15 እንደሚነግረን፣ ከእርሱ ጋር የተሰቀሉት ሁለት ወንበዴዎች ናቸው። ያዕቆብና ዮሐንስ ያን ዕለት ያን ቦታ አይተው ቢሆን ኖሮ ልመናቸውን ምን ያህል በፈሩት ነበር!

ከዚህ በኋላ ነው ሰባኪው ያስተማረው ቃል የተነገረው። የአሕዛብ አለቆች በሕዝባቸው ላይ እንደሚሠለጥኑ ካስታወሳቸው በኋላ፣ «በእናንተስ እንዲህ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም ከእናንተ ታላቅ ሊሆን የሚወድ የእናንተ አገልጋይ ይሁን፤ ከእናንተም ማንም ፊተኛ ሊሆን የሚወድ የሁሉ ባሪያ ይሁን» አላቸው። በግሪኩ መጽሐፍ በመጀመሪያው ሐረግ «አገልጋይ» የተባለው ዲያቆኖስ የሚለው ቃል ነው። እኛ ዲያቆን ስንል ቀሚስ የለበሰና ጥና የያዘ ወጣት በዓይናችን ይመጣል፤ ቃሉ ግን በዘመኑ ማዕድ የሚያቀርበውንና የሚላከውን ሰው ይጠራበት የነበረ ተራ ቃል ነው። ሁለተኛው ቃል ከዚህም ይወርዳል፤ በጌታው እጅ ያለ፣ በራሱ ላይ መብት የሌለው ባሪያ ማለት ነው። ጌታ እነዚህን ቃላት ከመንገድ ዳር አንሥቶ በመንግሥቱ ከፍተኛ ለሆነው ቦታ ስም አደረጋቸው። በእኛም ዘንድ አንድ ሕፃን ሲጠመቅ ገብረ ሥላሴ፣ ገብረ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል ተብሎ የሚሰየመው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ገብር ወንድ አገልጋይ፣ አመት ሴት አገልጋይ ነውና። ቅዱስ ላሊበላና ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሁለቱም ስመ መንግሥታቸው ገብረ መስቀል ነበር። ዘውድ የጫነው ንጉሥና ውኃ የሚቀዳው ገበሬ በስማቸው እኩል አገልጋዮች ተብለዋል ማለት ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ከፊት የተቀመጡት ሰዎችም ያን ስብከት የሰሙት ስለ ራሳቸው ነው፤ ባይታወቃቸው እንኳ።

በዚህ ቃል ላይ ብዙ ጊዜ ሲሰበክ የምሰማውና ልቤ የማይቀበለው አንድ አተረጓጎም አለ። ዛሬ ዝቅ ብለህ አገልግል፣ ነገ ከፍ ብለህ ትቀመጣለህ የሚል ነው። እንዲህ ሲሆን አገልግሎት ደጅ መጥናት ይሆናል፤ ደጅ የጠና ሰው ደግሞ ሹመቱ ሲዘገይ ማዘኑ፣ ሲቀር መክሰሱ የግድ ነው። ጌታ ግን ከአገልጋይነት በኋላ ስለሚመጣ ሌላ ታላቅነት በዚያ ቦታ አልተናገረም። «የሰው ልጅም ሊያገለግል ነፍሱንም ለብዙዎች ቤዛ ሊሰጥ እንጂ እንዲያገለግሉት አልመጣም» ብሎ ራሱን ምሳሌ ሲያደርግ፣ ታላቅነት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው እርሱን ሲያገለግል ይየው ማለቱ ነው። እርስዎ በ19 ዓመት ውስጥ በተጉለት ብርድ በማለዳ ተነሥተው አህያውን ሲጭኑ፣ ወደ ታላቅነት እየተጓዙ ሳይሆን በውስጡ ነበሩ። የምስክር ወረቀቱ ባለመምጣቱ ከዚያ የሚቀነስ የለም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመለስ። ማዘንዎ ኃጢአት ነውን? ማዘኑ ብቻውን ኃጢአት አይመስለኝም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች የጻፈውን መልእክት ምዕራፍ 16 ይመልከቱ። ያን ሁሉ ጥልቅ ትምህርት ከጻፈ በኋላ መጨረሻውን በሰዎች ስም ሞላው። በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ፌቤን ለብዙዎችና ለእርሱም ለራሱ ደጋፊ እንደ ነበረች፣ ጵርስቅላና አቂላ ስለ ነፍሱ አንገታቸውን ለሞት እንዳቀረቡ፣ ማርያ የተባለችው ሴት እጅግ እንደ ደከመች እያነሣ እያንዳንዳቸውን በስማቸው ጠራ። የደከመን ሰው በስሙ ጠርቶ ማመስገን ትዕቢት የሚያስተምር ሥራ ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ባላደረገው ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን የጐደለ ነገር ነበረ፤ የጐደለው ግን በእርስዎ ዘንድ ሳይሆን መርሐ ግብሩን ባዘጋጁት ሰዎች ዘንድ ነው። ገንዘብ የሰጡትን ማመስገናቸው ጥሩ ነው፤ ድንጋይ የተሸከሙትን መርሳታቸው ነው ጥፋቱ።

ሆኖም ኀዘኑ ወዴት እንደሚወስድዎት መጠንቀቅ ይገባል። ከሁለቱ ወንድማማቾች ልመና በኋላ ወንጌላዊው «ዐሥሩም ሰምተው በያዕቆብና በዮሐንስ ይቈጡ ጀመር» ይላል። ዐሥሩ ለምን ተቈጡ? የጌታ ሞት ተረስቶ ስለ ወንበር መነገሩ አስቈጥቷቸው ነው እንዳንል፣ ቀደም ሲል በምዕራፍ 9 በመንገድ ላይ ከሁላቸው ማን እንዲበልጥ ሲከራከሩ እናገኛቸዋለን፤ ሉቃስም በምዕራፍ 22 በመጨረሻው እራት ላይ ያው ክርክር እንደ ተነሣ ጽፏል። የተቈጡት የፈለጉትን ወንበር ሌላው ቀድሞ ስለ ጠየቀው ይመስላል። ጌታም ያን ትምህርት ለሁለቱ ብቻ አልሰጠም፤ ዐሥራ ሁለቱንም ወደ እርሱ ጠርቶ ነው የተናገረው። በፊት ወንበር የተቀመጠውን ሰው የምንቃወምበት ልብ፣ አንዳንድ ጊዜ ያንኑ ወንበር የሚመኝ ልብ ነው። የእርስዎ እንዲህ ነው አላልሁም፤ ይህን መርምሮ ማወቅ የሚችሉት እርስዎና የነፍስ አባትዎ ብቻ ናችሁ።

ትሕትና ዝም ማለት ነውን? አይደለም፤ በዚህ ላይ ቅዱሳት መጻሕፍት ከምናስበው በላይ ግልጽ ናቸው። ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ፊት አንድ ሎሌ በጥፊ ሲመታው፣ «መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል፤ ከእርሱ የሚበልጥ ትሑት ደግሞ የለም። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ እህል አገልግሎት ችላ ስለ ተባሉ ወገኖቻቸው ባንጐራጐሩ ጊዜ፣ ሐዋርያት «ትሕትናን ተማሩ» ብለው አላሰናበቷቸውም። ሕዝቡን ሰብስበው፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች አስመርጠው፣ ጸልየውም እጃቸውን ጭነው ሾሙ። ከሰባቱ የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያናችን ሊቀ ዲያቆናት ብላ የምትጠራው፣ ሹመቱንም ጥቅምት 17 ቀን የምታከብረው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። የሰማዕታት መጀመሪያ የሆነው ያ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሾመው ለመበለቶች ማዕድ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረውም ቅር የተሰኙ ሰዎች በመናገራቸው ነው። ስለ ወንበሩማ ከሆነ የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ያ ቀን በድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው የጻፈው ይመስላል፤ የጌጥ ልብስ ለለበሰው «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ለድሀው ደግሞ «ወደዚያ ቁም» የሚሉ ሰዎች ክፉ አሳብ ያላቸው ዳኞች ሆነዋል ይላል።

ስለዚህ ለአጥቢያዎ አስተዳዳሪና ለሰበካ ጉባኤው ቀርበው፣ በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው፣ የሆነውን ይንገሯቸው። ስለ ራስዎ መናገር ከከበደዎት አብረዎት ስለ ደከሙት ይናገሩ፤ ያ ይቀላል፤ ቃሉም የበለጠ ይሰማል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የሰበካ ጉባኤ አባል ካለም ጥቂት ልናገረው እወዳለሁ። የጽዋ ማኅበር አለቃ በአገራችን «ሙሴ» ይባላል። ይህን ስም ያወጡ አባቶች የኦሪት ዘኍልቍን ምዕራፍ 12 ያስታወሱ ይሁን አይሁን እንጃ፤ በዚያ ግን ሙሴ በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት እንደ ነበረ ተጽፏል። ሙሴ አለቃ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ሕዝቡን መርቷል፣ ፈርዷል፣ ገሥጿል። መሪነት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የሰላሌው ሰው አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ ነበሩ፤ የጵጵስና ልብሳቸውንም አልጣሉም፤ ነገር ግን ጠላት አርበኞችን እንዲያወግዙ በጠየቃቸው ጊዜ እምቢ ብለው በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉት፣ ያ ሹመት በጎቹን እንዲጠብቁ የተሰጣቸው መሆኑን ስላመኑ ነው።

በዚያው በእናንተው አገር የተወለዱት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ነገርም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። በቡልጋ ተወልደው፣ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱ አባት ናቸው። የገዳሙ አበምኔት እጨጌ ተብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ከአገሪቱ ተወላጅ ካህናት ሁሉ በላይ በክብር ይታይ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያን ወንበር ያቆሙት አባት ራሳቸው በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዐ እጅ በረድእነት ያሳለፉትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ረድእ በገዳም ሥርዐት ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ እህል የሚፈጭና አረጋውያንን የሚያገለግል ነው፤ ቃሉም «ረዳት» ማለት ነው። ሐዋርያትም በግእዝ «አርድእት» የሚባሉት በዚሁ ቃል ነው። እርስዎ በአህያ ውኃ ሲያመላልሱ የሠሩት ሥራ፣ በገዳም ቢሆን ኖሮ ይህ ስም ነበረው።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። በዲቁና ዘመኔ በጸሎተ ሐሙስ ለሕጽበተ እግር የወይራና የወይን ቅጠል የተጨመረበትን ውኃ ይዤ የምከተላቸው አንድ አረጋዊ ቄስ ነበሩ። በተራ እያጠቡ ሲሄዱ በዚያው ዓመት በእርሻ ድንበር ከሚካሰሷቸው ሰው ፊት ደረሱ። ሰውየው ደንግጦ እግሩን ሊሰበስብ ሲል ቄሱ ተረከዙን ያዝ አድርገው «ተው ልጄ» አሉትና፣ ከሌላው ሰው ባላነሰ ጊዜ፣ በንቃቃቱ መካከል ያለውን አፈር ሳይቀር በቀስታ አጠቡለት። ክሱ በዚያ ቀን አልቀረም፤ እስከ ክረምት መቆየቱን አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 13 ሳነብ፣ ጌታ ከእራት ተነሥቶ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ ያጠባቸው እግሮች መካከል የይሁዳም እግር እንደ ነበረበት አልረሳም። ወንጌላዊው ይህን ከመጻፉ በፊት «አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው» ጌታ ያውቅ እንደ ነበር ይነግረናል። ማንነቱን የሚያውቅ ስለ ነበር ዝቅ ማለቱ ምንም አላጐደለበትም፤ ታጥቦ የሄደው ሰው ውለታውን ይመልሳል ብሎም አልጠበቀም።

ውኃ መቅዳቱን መተውዎን በተመለከተ፣ ዛሬውኑ ይመለሱ ብዬ አላስገድድዎትም። አስቀድመው ይናገሩ፤ ይታረቁ፤ ጉልበትዎም ይረፍ። በ54 ዓመት ዕድሜዎ ብቻዎን የተሸከሙትን ሥራ ለሁለት ወይም ለሦስት ወጣቶች አካፍሎ ማሳየትም ራሱ አገልግሎት ነው። ከተመለሱ ግን የቤተ ክርስቲያኑን አስተናባሪ አስበው ሳይሆን፣ በንግሥ ቀን ከሩቅ መንደር በእግሯ መጥታ ጥማቷን በዚያ ውኃ የምትቈርጠውን እናት አስበው ይመለሱ።

ጥያቄ፦

«የምጽፍልዎ ስለ አያቴ ነው። እማሆይ ከሆኑ ቆይተዋል፤ በሞረትና ጅሩ ባለው የትውልድ አጥቢያቸው ከ40 ዓመት በላይ ለቅዳሴ ኅብስት የሚሆነውን የመገበሪያ ስንዴ ሲለቅሙና ሲፈጩ ኖረዋል። ጉልበታቸው ሲከዳቸው ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቼ በቤቴ አስቀምጫቸዋለሁ። አሁን እግራቸውን ባጠብኋቸው፣ ምግብ ባቀረብሁላቸው ቁጥር ያለቅሳሉ፤ ‹ሳገለግል ኖሬ በመጨረሻ የሰው ሸክም ሆንሁ፤ እግዚአብሔር ከቤቱ አወጣኝ› ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

መልስ፦

ውድ እኅታችን፣ አያትዎን የሚያስለቅሳቸው ጴጥሮስ እምቢ ያለው ነገር ነው ማለት ይቻላል። እርሱም ጌታ እግሩን ሊያጥብ ሲጐነበስ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ ነበር፤ ጌታም «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» አለው። ይህ መልስ በትሕትና ትምህርት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። ለማጠብ መጐንበስ ይከብዳል፤ ለመታጠብ መቀመጥ ግን ለአንዳንድ ሰው፣ በተለይ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰጥ ለኖረ ሰው፣ ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። ሰጪ መሆን ክብር አለው፤ ተቀባይ መሆን ግን እጅን ባዶ ያደርጋል። ለጴጥሮስ ከትንሣኤ በኋላም «በሸመገልህ ጊዜ እጆችህን ትዘረጋለህ፤ ሌላውም ያስታጥቅሃል» ተብሎለታል፤ ወንጌላዊው ይህ የተነገረው ስለ አሟሟቱ መሆኑን ይገልጻል። ነገር ግን መታጠብን እምቢ ላለው ሰው፣ መጨረሻው በሌላ ሰው እጅ መታጠቅ እንደሚሆን መነገሩን ሳነብ፣ ጌታ የዚያችን የእራት ሌሊት ትምህርት ያልጨረሰለት ይመስለኛል።

በአገራችን አባት ከእርሻ ሲመለስ ልጁ ውኃ አሙቆ፣ ገበቴ አቅርቦ፣ እግሩን አጥቦ ጉልበቱን ይስም ነበር። አባትየው ያን ጊዜ ሸክም ሆንሁ ብሎ አላለቀሰም፤ ልጁም የሚመረቀው በዚያ ሰዓት ነበር። እማሆይም ይመርቁዎት። ያን ምርቃት ሳያገኙ እንዳይቀሩ ሲሉ እንዲያጥቧቸው መፍቀድ እንዳለባቸው ይንገሯቸው።

ደግሞም አገልግሎታቸው አልቆመም። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ያንብቡላቸው። የፋኑኤል ልጅ ሐና 84 ዓመት ያህል መበለት ሆና «በጾምና በጸሎትም ሌሊትና ቀን እያገለገለች ከመቅደስ አትለይም ነበር» ተብሎላታል። ሉቃስ «እያገለገለች» ያለው ጾሟንና ጸሎቷን ነው። ሕፃኑን ጌታ በመቅደስ ከተቀበሉት ሰዎች አንዷ ለመሆን የበቃችው በዚህ አገልግሎት ላይ ሳለች ነው።

የመገበሪያ ሥራ በዐይን ካላዩት የሚያዝ አይደለም። ስንዴው አንድ በአንድ እንዴት እንደሚለቀም፣ የተነቀዘውና የተሰበረው እንዴት እንደሚለይ፣ የሚፈጭበት ዕቃ በምን ንጽሕና እንደሚያዝ የእርስዎ አያት በጣታቸው ያውቁታል። በደብረ ብርሃን የአጥቢያችሁን አስተዳዳሪ አስፈቅደው አንድ ቁና ስንዴ ወደ ቤት ያምጡ፤ ሰፌዱን በጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡላቸው፤ ከጎናቸውም ተቀምጠው እንዲያስተምሩዎት ይለምኗቸው።